ልጆቻችንን የሚጠራቸው ማነው?

የመነሻው ጥያቄ

ባለፈው ሰኞ ማታ ይህን ጥያቄ ወደ ኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ አራዳ ገበያ መግቢያ ላይ አገኘችኝ። ሰላም ከተባባልን በኋላ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የሪያድ የሥራ ውል ነው። ግማሹ ዐረብኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። ቆመን አነበብነው። የሥራው ዓይነት የቤት ሠራተኛ፣ ደመወዙ 1,000 ሪያል። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ወደ ብር መነዘረችው። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ታየን። ለመሄድ መቁረጧ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ምክር አልጠየቀችኝም። ወረቀቱ ምን እንደሚል ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ልጆቻችን ለምን ይሄዳሉ ብለን ነው። ድህነት እንላለን። ሥራ ማጣት እንላለን። ደላላ እንላለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ግጭቱን እንጨምራለን። ሁሉም እውነት ነው። ግን ልጆቻችን ሳይጠሩ አቤት ያሉ አይደሉም። የጠራቸው አለ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ ማሽን ያለው አገር የእኛን ልጅ ጉልበት ለምን ይፈልጋል? ይህን ያህል የሚፈልገው ከሆነስ ለምን እንዲህ በርካሽ?

እስከ ሐሙስ ድረስ 31 መልስ ገባ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዘመብን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ማን ምን እንዳለ እንደተረዳሁት ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቁጥር የለመዱ ይመስላሉ። በትሕትና ጀምረው፣ ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ነው ይላሉ። ጃፓን ውስጥ ከመቶ ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት ሞልቶታል። ጣሊያን ውስጥም ከአራት ሰው አንድ ያህሉ እንዲሁ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የተሰላው 0.72 ልጅ ነው። የሕዝብ ቁጥር ባለበት እንዲቆይ ግን 2.1 ገደማ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ስሌትንም ጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአገራቸው ውጭ በሥራ ዓለም የነበሩት 167.7 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ከሦስት ሁለቱ ያህል ሀብታም አገሮች ውስጥ ነበሩ።

ሁለተኛው መላሽ ጋሼን አመስግኖ ወዲያው አረማቸው። ዕድሜ ጃፓንን ያስረዳል፣ ሳዑዲን ግን አያስረዳም ይላል። ሳዑዲዎች ወጣት ናቸው። ኳታር ውስጥ ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙና ከዚያም በላይ የውጭ ሰው የሆነው ኳታሮች ስላረጁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ግንባታው ከሕዝቡ አቅም በላይ ሄደ። ዜጋው የመንግሥት ሥራ ያዘ። የቤት ውስጡና የፀሐዩ ሥራ ለመጪው ቀረ። ጋሼ ተመልሰው እርማቱን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ክሩ ሁሉ እንዲህ ቢቀጥል ደስ ባለኝ።

መልስ 3

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈው መተማ በኩል የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ቤተሰቦች ልጅ ነው። ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም። ሰሊጥ ሲደርስ የፍሬው መያዣ ይከፈታል። በጊዜው ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። የዓመት ልፋት በቀናት ውስጥ አፈር ይሆናል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም ሰው በመኪና ተጭኖ ይወርዳል። የዚያን ሰሞን ጉልበት ወርቅ ነው። የቀን ሒሳቡ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። ሠራተኛው ዛሬ እዚህ ያጭዳል፣ ነገ የተሻለ ከሚከፍለው ዘንድ ያድራል። ባለእርሻው ያማርራል፣ ግን ይከፍላል። ምን አማራጭ አለው?

ከዚያ አንድ ነገር እንድናስብ ጠየቀን። አንድ ሕግ ወጣ እንበል። አንድ ባለእርሻ ያስመጣው ሠራተኛ ሌላ እርሻ ላይ መሥራት አይችልም፣ መታወቂያውም ባለእርሻው ኪስ ይቀመጣል ይላል። ሰሊጡ ያው ነው፣ ይረግፋል። የጉልበት ፍላጎቱም ያው ነው። የቀን ሒሳቡ ግን ሳንቲም አይጨምርም። የአባቱ ጎረቤቶች እንዲህ ያለ ሕግ ቢያገኙ ይወዱት እንደነበር ሳይደብቅ ጽፏል። የጥያቄዬን ሁለተኛ ክፍል የመለሰልኝ እሱ ነው።

መልስ 4 እና 5

አንድ ወጣት ደፈር ብሎ ተቃወመ። ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ሥራ ፈት ወጣት ሞልቶ ሳለ ሠራተኛ ጠፋ ማለት ውሸት ነው ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመለሰችለት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ናት። ሥራ ፈቱ ሥራ አልጠላም፣ ያንን ሥራ በዚያ ደመወዝ ነው የጠላው ትላለች። ፒያሳ ያለ ሆቴል ለሳሕን አጣቢዋ የአስተናጋጇን ያህል ቢከፍል፣ አስተናጋጇ ይጨመርልኝ ትላለች። ከሷ በላይ ያለው ገንዘብ ተቀባይም ዝም አይልም። አሠሪው ይህን ሁሉ ከመጋፈጥ፣ ራሱን ከአገሬው ጋር የማያወዳድር ሰው ማስመጣት ይቀለዋል። አዲስ መጪ ሒሳቡን የሚሠራው በጎንደር ኑሮ ነው እንጂ በሚላን ኑሮ አይደለም። ተማሪዬ አራዳ ላይ ስልኳን አውጥታ ስትመነዝር ያየሁት ይኸው ነበር።

መልስ 6

እዚህ ላይ ቀስ ልበል። የጻፈችው የአዘዞ ልጅ ናት። ሪያድ በኮንትራት ሄዳ አራት ዓመት ሠርታለች። ስምንት ሰው የሚኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሣለች፣ እኩለ ሌሊት ትተኛለች። ረመዳን ሲመጣ ጨርሶ ሌሊትና ቀኑ ይደባለቅባታል። ማዳም አልመታቻትም። ደመወዟም ቀርቶባት አያውቅም። ይህን ሁለት ጊዜ ደግማ ጽፋለች፣ ምክንያቱም የአረብ አገር ታሪክ ሲወራ ሰው ዱላ ካልሰማ ችግር የለም ብሎ ያስባል።

እሷን የሚቆጫት ሌላ ነው። ጎረቤት ቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነበረች። ቆሻሻ ሲያወጡ ይገናኛሉ። ቤቱ እኩል፣ ሥራው እኩል፣ ሰዓቱ እኩል። የሷ ደመወዝ 1,000 ሪያል፣ የጎረቤቷ 1,500። መጀመሪያ ልጅቷ እንግሊዝኛ ስለምትችል መስሏት ነበር። በኋላ ነው ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ የተረዳችው።

ይህን እኔም አጣራሁት። የፊሊፒንስ መንግሥት ለቤት ሠራተኛ ዜጎቹ በወር ከ400 ዶላር በታች አይሆንም ብሎ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። 400 ዶላር በሳዑዲ ምንዛሪ 1,500 ሪያል ነው። ልዩነቱ የመጣው ከፓስፖርቱ ጀርባ ከቆመው መንግሥት ነው። ይህን ሳነብ ያናደደኝን ያህል ከብዙ ጊዜ ወዲህ ምንም አላናደደኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ነገረችን። አብራት የሄደች ጓደኛዋ ከአሠሪዋ ጠፍታ ወጣች። ሁሩብ ተመዘገበባት፤ ኮብላለች ማለት ነው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ግን እየተደበቀች በየቤቱ የቀን ሥራ ስትሠራ ከበፊቱ በጣም የበለጠ ታገኝ ነበር። ያው ልጅ ናት፣ ያው መጥረጊያ ነው። አሠሪ መለወጥ ስለቻለች ብቻ ዋጋዋ ወጣ። ከመተማው ልጅ መልስ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አንብቡት።

መልስ 7፣ 8፣ 9 እና 10

መልስ 7 ልጅቷን አይዞሽ እህቴ ያለ አጭር ጽሑፍ ነው። ስምንተኛው ግን ክሩን አሞቀው። ማንም አላስገደደሽም፣ ፈርመሽ ነው የሄድሽው፣ 1,000 ሪያሉም ጎንደር ላይ የማታገኚው ገንዘብ ነው አላት። ዘጠነኛው በቁጣ መለሰለት። እህት የለህም ወይ ከማለት ጀምሮ እዚህ የማልደግመውን ሁሉ አለ። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

አሥረኛዋ ራሷ የአዘዞዋ ልጅ ናት። ረጋ ብላ ነው የተመለሰችው። አዎ፣ ፈርሜ ነው የሄድኩት አለች። በገንዘቡ ታናሽ ወንድሟን አስተምራለች፣ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አልብሳለች። ነገም ልትሄድ ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ ትፈልጋለች። ሥራው ካልተስማማት፣ ጎንደር ላይ እንደምታደርገው ጓዟን ይዛ ሌላ ቤት መግባት። ስምንተኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ያነበበው ይመስለኛል።

መልስ 11

ሕግ ያጠና ሰው ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። ከፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ ከፊል፣ ማለትም ካስመጣው አሠሪ ጋር ያስራል። ኳታር ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ዓለም ሁሉ ዓይኑን ስለጣለባት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ይሁንታ ሥራ መለወጥ ይችላል አለች። በቀጣዩ ዓመትም 1,000 የኳታር ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ አስጀመረች። የቤት ሠራተኞችንም ይጨምራል። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ተመሳሳይ ማሻሻያ ስታስጀምር ግን የቤት ሠራተኞችን ከውስጡ አስቀረች። የእኛ ሴት ልጆች የሚሄዱት ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ሊባኖስን ያነሣ ሰው ስላልነበረ እሱ አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ አውርደው ሄዱ። ሥዕሉ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

መልስ 12 እና 13

ነርስ ናት፣ ጎንደር የተማረች። ነገሩን ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፣ ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ። ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርስ የጤና ባለሙያ ለማፍራት ነበር የተቋቋመው። አሁን አብረዋት የተመረቁት ግማሾቹ የእንግሊዝኛ ፈተና እያጠኑ ነው። ነርስ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል። የሚከፍለው የእኛ ሕዝብ ነው። ሀብታሙ አገር የተማረውን ሰው ሳያስተምር ይረከባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ያላቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያም እዚያ ውስጥ ናት። ከነዚህ አገሮች አሠሪዎች እየዞሩ እንዳይመለምሉ ይመከራል። ባለሙያው በራሱ ካመለከተ ግን የሚከለክለው የለም።

የእንግሊዝን ነገርም ዘርዝራዋለች። አስታማሚ ጠፋ ብለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በሩን ለውጭ ሰው ከፈቱት። በመጋቢት 2024 አስታማሚዎቹ ልጅና ባል ይዘው እንዳይገቡ ከለከሉ። በሐምሌ 2025 ከውጭ አዲስ አስታማሚ ማስመጣቱን ዘጉት። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ተከፍቶ ተዘጋ። የሚታጠቡት አዛውንቶች ግን እዚያው አልጋቸው ላይ ናቸው። የእንግሊዝ የአስታማሚ ቪዛ እናስወጣለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች ስላሉ ተጠንቀቁ ትላለች።

አሥራ ሦስተኛው የሷው የሥራ ባልደረባ መሆኑን ጽፏል። ቃሉ ስለታም ነው። አገር አስተማረችህ እያላችሁ አትያዙኝ፣ የወር ደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍሎ እስከ ወሩ አጋማሽ አያደርሰኝም ይላል። ሕዝቡ ነርስ ከፈለገ እንደሚፈልግ ያሳየው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ነው የማምነው። ክሩ ላይም እንደዚያው ጻፍኩ። ሁለቱም አልወደዱልኝም።

ከመልስ 14 እስከ 17

እዚህ ክሩ ከመንገድ ወጣ። አንዱ የሰሊጥ ዋጋ ዘንድሮ ስንት ገባ ብሎ የመተማውን ልጅ ጠየቀ። አንዷ ዲቪ መቼ ነው አለች። ሌላው ዶላር አነሣ። ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከ57 ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 እንዳለፈ፣ ያኔ ሪያል የሚልክ ሰው ያለው ቤተሰብ እንዴት እንደተነፈሰ ጻፈ። አሥራ ሰባተኛው ከዚያ ተነሥቶ የጎንደር መሬት የተወደደው በሐዋላ ገንዘብ ነው አለ። የዓለም ባንክን ስሌትም ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ድሃና መካከለኛ አገሮች የተላከው ገንዘብ 656 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ደግ ነው፣ ግን ጥያቄዬ የጠሪው ነውና ወደዚያ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

መልስ 18፣ 19 እና 20

አሥራ ስምንተኛው ታሪክ ይወዳል። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ከቱርክ ጋር ተዋውላ ቱርካውያን ሠራተኞችን ማስመጣት ጀመረች። ሐሳቡ ሁለት ዓመት ሠርተው ይመለሳሉ፣ ሌሎች ይተካሉ የሚል ነበር። ይህን ገደብ ያስነሡት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሥራ የለመደ ሰው እየመለሱ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ማሠልጠን አከሰራቸው። ገደቡ በ1964 ተነሣ። በ1973 ነዳጅ ሲወደድ ምልመላው ቆመ፣ የመጡት ግን ቤተሰብ አምጥተው ቀሩ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 ሜክሲኮዎችን ለእርሻ በውል ታስመጣ ነበር።

አሥራ ዘጠነኛው ይህ ሁሉ ያልፋል፣ ማሽን ይተካናል አለ። ሃያኛዋ ያችው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ናት። የሜክሲኮው ውል ሲቆም የካሊፎርኒያ ቲማቲም አምራቾች በእርግጥ ወደ መልቀሚያ ማሽን ዞሩ ትላለች። ግን ማሽኑ የሚለቅመው ለድልህ የሚሆነውን ቲማቲም ነው። ለሰላጣ የሚሆነውን ብዙ ዘመን እጅ ነው የለቀመው። ሽማግሌ ማጠብና ሕፃን ማባበል ደግሞ ለማሽን የቲማቲሙን ያህል እንኳ አልተሳካለትም።

እሷ ያነሣችው ሌላ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አሳመነኝ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ኮሮና ዓለምን ሲዘጋ፣ ድንበር ሁሉ ተቆልፎ፣ ጀርመን ሩማንያውያን የቀን ሠራተኞችን በአውሮፕላን አስመጣች። አስፓራገስ የሚባለው አትክልት ደርሶ ነበር። እንደ ሰሊጡ ነው፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ። የመተማው ልጅ ይህን ሲያነብ ምን ያህል እንደተደነቀ ከታች ጽፏል። ጀርመንና መተማ እንዲህ ይቀራረባሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ከመልስ 21 እስከ 25

ሃያ አንደኛዋ እናት ናቸው፣ እትዬ ልበላቸው። በሁላችን ላይ መጡብን። ማዳምን የምትወቅሱ ሁሉ፣ እናንተ ቤት የምትሠራው ልጅ ደመወዟ ስንት ነው፣ ጻፉት አሉ። የከተማው ልጅ አረብ አገር ስትሄድ፣ እዚህ የነበረውን የቤት ሥራ የያዘችው የበለሳና የእስቴ ልጅ ናት። ሪያድ ጎንደርን ትጠራለች፣ ጎንደር በለሳን ይጠራል። በለሳ ማንን ይጥራ?

ሃያ ሁለተኛው ተከፋ። የእኛዋ እንደ ልጃችን ናት፣ የምንበላውን ትበላለች አለ። ሃያ ሦስተኛዋ ማዳምም የምትለው ያንኑ ነው አለችው። ሃያ አራተኛው መልስ ስድብ ስለነበረበት ተነሥቷል። ሃያ አምስተኛው ለማስታረቅ ሞከረ። የበለሳዋ ልጅ ካልተስማማት እሑድ ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ሌላ ቤት ትገባለች፣ ፖሊስም አይፈልጋትም አለ። እውነት ነው። ግን ገጠር ያለ ቤተሰቧ ሩቅ ነው፣ ከተማ ውስጥ የምታውቀው የለም። በሩ ክፍት ቢሆንም መውጣቱ ቀላል አይደለም።

የእትዬ ጥያቄ እኔንም ነክቶኛል። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ከእስቴ ናት። የዚያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ስለ ዕረፍት ቀኗ ተነጋገርን። የዕረፍት ቀን የሚባል አልነበራትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳችንም አላነሣነውም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሑድ የራሷ ነው። ደመወዟንም ጨምረናል። ይህን የምጽፈው እትዬ ጻፉ ስላሉ ነው።

መልስ 26 እና 27

ሃያ ስድስተኛው እስራኤል ዘመድ ያለው ነው። እዚያ አዛውንት የሚያስታምሙት ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 በኋላ ፍልስጥኤማውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ ሲከለከሉ ለግንባታው ከሕንድ ሰው ማስመጣት ተያዘ ይላል። ሠራተኛው ይለወጣል፣ የሥራ ቦታው ሌላ ሰው ይጠብቃል። ከዚህ በላይ አልሄደበትም።

ሃያ ሰባተኛው በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ደርሶ የተመለሰ ወጣት ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልጻፈም። የጻፈው ስለ ክልከላ ነው። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እሱ ያኔ ልጅ ነበር፣ አክስቱ ከተመላሾቹ አንዷ ናት። ትንሽ ቀደም ብሎ መንግሥታችን ወደ አረብ አገር በሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በነዚያ ዓመታት አክስቱ ተመልሳ ሄዳለች። በየመን በኩል፣ በባሕር። በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ቤቱ ግን ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። አሁን ደግሞ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። ያም ሆኖ በዚያ በኩል የሚሄድ እንዳለ ያውቃል። ሊቢያ አብረውት የነበሩ ሁለቱ ተሻግረው ደቡብ ጣሊያን ቲማቲም ይለቅማሉ። ወረቀት የላቸውም። ቲማቲሙ ግን ሱቅ ይገባል፣ ይበላል።

ይህን ልጅ አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል። ከፈለገ ይጻፍልኝ።

ከመልስ 28 እስከ 31

የሕጉ ሰው ተመልሶ ለተማሪዬ የሚጠቅም ነገር ጻፈ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድን የአሠሪው ወጪ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ለብቃት ማረጋገጫ የመሳሰለውን ነው። ከዚያ ውጭ ለቪዛ ክፈይ የሚል ካለ ሕገወጥ ነው። ተማሪዬን ደውዬ ጠየቅኳት። ለቪዛ ማስጨረሻ ተብላ ከፍላለች። እናቷ በግ ሸጠው ነው የከፈሉት።

ሃያ ዘጠነኛዋ የአዘዞዋ ልጅ ናት። ተማሪዬን ልታገኛት ፈቃደኛ እንደሆነች ጻፈች። ውሉን አብረው ያነባሉ። ሪያድ ስትደርስ የሚያስፈልጋትን ዐረብኛ ታስተምራታለች፣ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ ሐኪም፣ ስልክ የሚሉትን። የቤቷን፣ የኤምባሲውንና የጓደኛዋን ቁጥር በቃሏ እንድትይዝ ታደርጋታለች፣ ወረቀት ሊወሰድ ይችላልና። ሂጂም አትሂጂም አልላትም ብላለች።

ሠላሳኛውን የጻፈችው ራሷ ተማሪዬ ናት። ክሩን ስታነብ እንደቆየች አላወቅኩም ነበር። አጭር ነው። አስተማሪዬ ስለኔ እንደጻፉ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም አለች። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀች። የከፈለችው ገንዘብ ይመለስ ይሆን? ውሉ ላይ ስልኬን መያዝ እችላለሁ የሚል አለ ወይ?

ሠላሳ አንደኛው የእኔ ነው። የገንዘቡን የሕጉ ሰው እንዲያይላት ለመንኩት፣ እሺ ብሏል። ለሁለተኛው ጥያቄ ፎቶ ያነሣሁትን ውል እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሦስታችን ፒያሳ እንገናኛለን። ደመወዙ አለ፣ የዕረፍት ቀን አለ፣ ትኬቱ አለ። ስለ ስልክ የሚል አንቀጽ የለም።